ሀዲያን እምቢ ማሰኘት

መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ማስተማር ካሉት ነው እንግዲህ። ሰርተፊኬት የለኝም፤ ያለኝ ዘጠኝ ዓመት የሰው አገር ኩሽና ነው። ከሪያድ ስመለስ አረብኛዬን የሚፈልግ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሙላው ፈለገው። ሙላው ሴቶች ልጆችን ዓረብ አገር የሚልክ ቢሮ የከፈተ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ ጫማው የማይቆሽሽ፣ የሰው ትከሻ እየነካ የሚያወራ ሰውዬ ነው።

«እቴ ፈይዛ፣» አለኝ፤ «ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ ዲዳ ነው የሚሆኑት። በሃያ አንድ ቀን አፋቸውን የሚፈታ ነገር አዘጋጂልኝ።»

አዘጋጀሁ። በአንድ ደብተር ላይ መቶ ስድሳ የአረብኛ ቃል በፊደላችን ጻፍኩ። ማብሰሉ፣ መጥረጉ፣ ሕፃን ማጠቡ ሁሉም አለበት። መጨረሻ ላይ ደግሞ እኔ እያለቀስኩ የተማርኳቸውን ጨመርኩ፦ አልፈልግም፣ አሞኛል፣ ደክሞኛል፣ ለምን፣ ፓስፖርቴን ስጡኝ፣ አትንካኝ። ሙላው ደብተሩን ወስዶ በማግሥቱ መለሰልኝ። አርባ ስድስቱ ቃል በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። «እኔ» የምትለዋ እንኳ አልተረፈችም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አሠሪዎቹ እንዲህ የምትል ልጅ አይፈልጉም። በሦስት ወር ውስጥ ከመለሷት በምትኳ ሌላ የምልከው እኔ ነኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞስ አንቺ ራስሽ አልፈልግም ብለሽ ምን አተረፍሽ?»

ከክርኔ በታች የካውያ ጠባሳ አለብኝ። አንድ ቀን ልብስ እየተኮስኩ ማዳሟን «ማ አብጋ» አልኳት፤ አልፈልግም ማለት ነው። ካውያውን ከእጄ ነጥቃ አልፈልግም ማለት ምን እንደሚያስከትል አሳየችኝ። ይህን ለሙላው የነገርኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ደብተሩን እንደተሰረዘ ተቀበልኩት። ይባስ ብሎ ልክ ነው አልኩ በልቤ። ቃሉን ካላወቁት አይሉትም፤ ካላሉት አይቃጠሉም። እንዲህ ብዬ ያሰብኩበትን ጭንቅላቴን ዛሬ በድንጋይ ብመታው አይወጣልኝም።

ሥራዬን ደግሞ በደንብ ነው የሠራሁት። አዲስ የሄደች ልጅ የምትመታው ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፤ ስትታዘዝ መጀመሪያ በአማርኛ ስለምታስብ ነው። ያቺ የምታስብባት ቅጽበት ናት ጥፊ የምታመጣባት። ቅጽበቷን ማጥፋት አለብኝ አልኩ። አጨበጭባለሁ፤ ዘለው ይነሱና «ሓዲር!» ይላሉ። እሺ፣ ዝግጁ ነኝ እንደማለት ነው። ምን እንደታዘዙ ከመስማታቸው በፊት ነው የሚሉት። በመጀመሪያው ሳምንት ይስቃሉ፤ በሁለተኛው መሳቁን ይተዋሉ፤ በሦስተኛው ከኋላቸው መጥቼ ሳጨበጭብ ቃሉ ብቻውን ከአፋቸው ይወጣል። ክፍሉ ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው። ከመቶ ዐሥራ አራቱ ቃል ውጭ የተናገረች ጥግ ትቆማለች። ከቃሎቹ ውስጥ ውሃ አምጪ የሚል አለ፤ ውሃ ጠማኝ የሚል ግን የለም። የጠማት ልጅ ሌላ ሰው እስኪያዛት ትጠብቃለች።

ጎረቤታችን መምህር ቃለ ክርስቶስ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። አንድ ቀን በመስኮቱ ሲያልፉ ሰሙንና ስወጣ ጠብቀው አስቆሙኝ።

«ፈይዛ፣ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች የሚያስፈራሩን ነገር አለ፤» አሉኝ። «አንድ ጨካኝ መንግሥት ይፈጥሩና፣ ያ መንግሥት በበኩሉ አዲስ ቋንቋ ይፈጥራል። ቃሉን ከሰው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሰዉ አልገዛም የሚለውን ነገር ማሰብ እንኳ እስኪያቅተው ድረስ።»

«ይሳካለታል?»

«በመጽሐፍ ላይ ይሳካለታል። አንባቢው ግን መጽሐፉን አጥፎ ሻይውን ይጠጣል።»

«እኔ መንግሥት አይደለሁም፣ መምህር፤ ልጆቹ እንዳይመቱ ነው የምደክመው» ብዬ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። በኋላ ሳስበው መንግሥቱ ዓመታት የፈጀበትን እኔ በሃያ አንድ ቀን ጨርሼዋለሁ፤ ያውም ያለ ወታደር።

ሀዲያ የእህቴ የራሕማ ልጅ ናት። እህቴ ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እስክሰደድ በጀርባዬ አዝዬ፣ ከተሰደድኩም በኋላ ልብስና ደብተሯን እየላክሁ አሳደግኳት። ስመለስ አንዲት ቀጥ ያለች ኮረዳ ተቀበለችኝ። ክርክር ነፍሷ ነው። ገበያ ከሽንኩርት ሻጭ ጋር ስትከራከር ሰው ሥራውን ትቶ ቆሞ ይሰማታል። ለምን የማትለው ነገር የለም። አባቷ ሃሩን፣ «ይቺ ልጅ ጠበቃ ካልሆነች ያገባትን ሰውዬ ታሳብደዋለች» እያለ ይስቅ ነበር። ጠበቃም አልሆነች። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን አላለፈችም፤ በዚያ ዓመት ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እሄዳለሁ አለች።

ሃሩን ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱም ሥርዓት አለው። «ለኒካህ እንኳ ሴት ልጅ ትጠየቃለች። ለባሕር ማዶማ እንዴት ሳትጠየቅ ትሄዳለች?» አለ። በእኛ ዘንድ ልጅቱ ሰው በተቀመጠበት ሦስት ጊዜ ትጠየቃለች። ዝም ካለች አፍራ ነው እንጂ ወዳለች ተብሎ ይያዛል፤ ዝምታዋ እሺታ ነው። ሃሩን ይህንኑ ለጉዞ አደረገው። ሀዲያ ግን ዝም የምትል አልነበረችም። መጀመሪያ ስትጠየቅ ነው አፍ የከፈተችው።

«እሄዳለሁ። ግን ሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ አንድ ቀን አልጨምርም። ስልኬን ማንም አይነካብኝም። ካልተመቸኝ እመጣለሁ፤ ለምን መጣሽ የሚለኝ ሰው ካለ አሁኑኑ ይናገር።»

ከተቀመጡት አንዱ መምህር ቃለ ክርስቶስ ነበሩ። «ወላሂ፣ ይቺን የሚቀጥራት ሰው አሳዘነኝ» አሉ፤ ክርስቲያን ሆነው ወላሂ ሲሉ ሁሌም ያስቁናል። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ወደ እኔ ክፍል መጣች። በሁለተኛው ቀን እጇን አወጣች።

«አክስቴ፣ አልፈልግም በአረብኛ ምንድን ነው?»

ዐሥራ ስምንት ልጆች ዞረው አዩኝ። «እዚህ አክስትሽ አይደለሁም። ማዳም በይኝ» አልኳት።

«ማዳም፣ አልፈልግም በአረብኛ ምንድን ነው?»

ጥግ አቆምኳት። በማግሥቱ ደግማ ጠየቀች፤ ደግሜ አቆምኳት። በሦስተኛው ቀን ሌሎቹን አሰናብቼ እሷን አስቀረሁና አጨበጨብኩ። ሓዲር አለች። አጨበጨብኩ። ሓዲር። ድምፅዋ እስኪዘጋ፣ መዳፌ እስኪቀላ ቀጠልኩ። ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ እሷ ክንድ ላይ እንዳይታየኝ ነበር፤ በአላህ እምላለሁ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ሳትጠይቀኝ ሰነበተች። በሦስተኛው ሳምንት ከሁሉም የፈጠነችው እሷ ሆነች። ኮራሁባት። ይህን አልደብቅም፤ ኮርቼ ነበር።

ሄደች። መጀመሪያ ሰሞን በየሳምንቱ ትደውልና ታወራ ነበር፤ ስለ ቤቱ ስፋት፣ ስለ ልጆቹ ብዛት። ከዚያ ወሬው አጠረ። የእኛን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ ሰው በሞት አፋፍ ላይ ቢሆን እንኳ እንዴት ነሽ ሲባል በቅድሚያ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ሕመሙን የሚያነሣው ኋላ፣ ሰላምታው ሲያልቅ ነው። ሀዲያ አልሐምዱሊላህ ትልና እዚያው ታቆማለች። ኋላ የሚመጣውን እንጠብቃለን፤ አይመጣም። እኛም ምስጋናውን ሰምተን ደህና ናት ብለን ስልኩን እንዘጋለን። ሁለት ዓመት ያለችው ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ።

የመጣች ቀን ከሃሩን ጋር መናኸሪያ ወጣን። ከደሴ የመጣው ሚኒባስ ቆመና ወረደች። ሃሩን «ሀዲያ!» አለ። አልዞረችም። ሦስት ጊዜ ተጣራ። ረዳቱ ሻንጣ እያወረደ «አንቺ!» ሲል ነው ዘወር ያለችው። ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም።

«ልጄ፣ እጅሽ ምን ሆነ?» አላት ሃሩን።

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

ሃሩን ቤት ከገባች ጀምሮ ቆማ ነው የምትበላው፤ ያውም ሁላችን ከጨረስን በኋላ። ወተት ይሻልሻል ሻይ ስትባል መሬት መሬት እያየች ትጠብቃለች። የጎረቤት ሴቶች ሊጠይቋት ሲመጡ ጫማቸውን ሰብስባ ታጥባለች። «ማሻአላህ፣ ሥራ ለመደች» ይሏታል። እኔም ድካም ነው፣ ያልፍላታል አልኩ። አንድ ጠዋት ግን ሃሩን ግቢ የተሰጣው ገብስ ላይ ዶሮ ወረደብኝና ለማባረር አጨበጨብኩ። ከጓዳ «ሓዲር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሀዲያ መጥረጊያ ይዛ እየሮጠች ወጣችና ፊቴ ቆመች። ዓይኗ ደረቴ ላይ ነው፤ ቀና አይልም። እኔ ያስተማርኳት አቋቋም ነው። ገብሱ ላይ ተቀመጥኩ።

ወሩ ሳይሞላ ሙላው መጣ። ልምድ ያላት ልጅ ለሌላ አገር ትፈለጋለች አለ። «አሠሪዎቿ ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? እንደሷ ያለች አይተን አናውቅም ነው ያሉት» ብሎ ወደ እኔ እያየ ፈገግ አለ።

ሃሩን ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። «እዚህ ደስ ብሏት አላየኋትም፤» አለኝ ለብቻዬ። «አትጫወት፣ አትከራከር። ምናልባት እዚያ ለምዳ ልቧ ቀርቶ ይሆናል። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትጠየቅ። ያለችውን እኔ አደርጋለሁ።»

«አትጠየቅ፤ አትሂድ በላት በቃ።»

«አንቺ ዘጠኝ ዓመት ኖረሽ መጥተሽ እሷን ልትከለክያት ነው? ከአፏ ነው የምሰማው።»

ምን ልበለው? ከአፏ የሚወጣውን የጻፍኩት እኔ ነኝ ልበለው? አፈርኩ፤ ሳልናገር ቀረሁ። ለዓርቡ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ሀዲያ ዝም ካለች ዝምታዋ እሺ ነው፤ ሓዲር ካለችም እሺ ነው። በዐሥር ቀን ውስጥ አንዲት ቃል ላስተምራት ነው፤ እምቢ የምትለዋን። በሦስት ዓመቷ አፏን የፈታችው በእሷ ነበር እኮ!

እኔ ጋ ትሰንብት ብዬ ወደ ቤቴ ወሰድኳት። የመጀመሪያ ቀን ሻይዋ ላይ በስኳር ፋንታ ሁለት ማንኪያ ጨው ጨመርኩ። ትተፋዋለች፣ ትቆጣኛለች ብዬ አሰብኩ። እስከ አተላው ጠጣችው። «ጨው ነው እኮ ሀዲያዬ! አይጥምም አትይኝም?» አልኳት። «ሓዲር» አለችና ብርጭቆውን አጠበች። በማግሥቱ ከአጥሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ወደ ወዲያኛው ጥግ አሸከምኳት፤ ከዚያ መልሺው አልኳት፤ ደግሞ ውሰጂው። በዚያ ጣቶቹ በማይታጠፉ እጇ ዐሥራ አራት ጊዜ ተመላለሰች። በቃኝ ያልኩት እኔ ነኝ።

በአምስተኛው ቀን ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሁለት እጇን ያዝኩ። «አብሽሪ፣ የኔ ልጅ። ከአሁን ጀምሮ ለሚጠይቁሽ ነገር ሁሉ እምቢ በይ። እሺ?»

«ሓዲር።»

«ውሃ ላምጣልሽ?»

«እምቢ።»

አቅፌያት አለቀስኩ። ግንባሯን ሳምኩት። ያቺ ልጅ ተመለሰች አልኩ። ምሳ አቀረብኩላት። «እምቢ» አለች። አልራባትም ይሆናል ብዬ አነሣሁት። እራት፣ እምቢ። ቁርስ፣ እምቢ። በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አይቼ «በቃ፣ አሁን ብይ» ስላት በሁለት እጇ እየጎረሰች በላች። ያኔ ገባኝ። እምቢ ያለችኝ አልፈለገች ሆኖ አይደለም፤ ስላዘዝኳት ነው።

ታዲያ ምን ምርጫ ነበረኝ? ባዶም ይሁን፣ እምቢ ካለች ትቀራለች፤ ዝም ካለች ትሄዳለች። ልቧን ኋላ እንፈልገዋለን አልኩ። የቀሩትን ቀናት በማውቀው መንገድ ሠራሁ። ሌላ መንገድ አላውቅም። አጨበጭባለሁ፣ እምቢ ትላለች። አጨበጭባለሁ፣ እምቢ።

ዓርብ ደረሰ። ሃሩን ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ መምህር ቃለ ክርስቶስ፣ ሙላውና እኔ ተቀመጥን። ሀዲያ መሐል ቆመች። ተቀመጪ ብትባል አልተቀመጠችም።

«ሀዲያ፣» አለ ሃሩን፣ «ተመልሰሽ ለመሄድ ትወጃለሽ?»

«እምቢ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሁለተኛ ጠየቃት፣ እምቢ አለች። ሦስተኛ ጠየቃት፣ እምቢ አለች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ሃሩን እጁን ፊቱ ላይ አሻሸና «አልሐምዱሊላህ፤ አለቀ» አለ። ተደስቶ ነበር እኮ! መቅረቷን ፈልጎ ኖሯል ለካ።

ሙላው አልተነሣም። «ጋሼ ሃሩን፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ብጠይቃት?» አለና መልሱን ሳይጠብቅ ወደ እሷ ዞረ። «ሀዲያ፣ እዚሁ ከአባትሽ ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?»

«እምቢ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው?»

«እምቢ።»

«ስምሽ ሀዲያ ነው?»

«እምቢ።»

«እቴ ፈይዛ ጎበዝ አስተማሪ ናት፤» አለ ሙላው ለሽማግሌዎቹ። «እኔ ነኝ የማውቃት።»

ሃሩን ከተቀመጠበት ተነሥቶ ልጁ ፊት ቆመ። ሁለት ጉንጯን በእጁ ይዞ ቀና አደረጋት። «እሱንም ተይው፣ እኔንም ተይኝ። አንቺ ራስሽ ምን ትፈልጊያለሽ?»

አፏን ከፈተች። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። እየፈለገች እንደሆነ ሁላችንም አይተናል፤ ባዶ ጎታ ውስጥ እጁን እንደሚያስገባ ሰው ነበር የምትፈልገው። ከዚያ ያቺን ጣቶቿ የማይታጠፉ እጇን አነሣችና ወደ እኔ ጠቆመች።

«ማዳም ታውቃለች» አለች።

«ማዳም ማናት?» አለ ሃሩን። ጣቷ ወደ የት እንደሆነ እያየ እንኳ አልገባውም። መምህር ቃለ ክርስቶስ አቀረቀሩ።

ነገርኩት። ደብተሩን፣ ቀዩን እስክሪብቶ፣ ጥጉን፣ ጭብጨባውን፣ ጨውና ድንጋዩን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሃሩን አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ሙላውን በእጁ በሩን አሳየው፤ ሙላው ሱሪውን አራግፎ ወጣ። ከዚያ ሃሩን ወደ እኔ ሳያይ ተናገረ።

«የትም አትሄድም። ግን ካንቺ ጋር ትኑር። እኔ ልጄን እንደ ገረድ ማዘዝ አልችልም፤ ካላዘዟት ደግሞ አትኖርም።»

እንግዲህ ቀረች። ቀረች የሚለው ቃል ትክክል ከሆነ። እኔ ማስተማሩን ተውኩ፤ ትምህርቱ ግን አልቆመም። ሙላው ድምፄን በስልክ ቀድቶት ኖሯል። የከላላ ልጆች አሁን እዚያው መንደራቸው ሆነው ይማሩበታል አሉ። ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ ሁለት ልጆች ስልካቸውን ከፍተው እየሰሙ ሲሄዱ የራሴን ጭብጨባ ሰማሁ። ተዉት፣ አትስሙት ብዬ ጮህኩባቸው። ሳቁብኝ። ማን እብድ ይሰማል?

ሀዲያን ጠዋት ተነሺ እላታለሁ፤ ትነሣለች። ታጠቢ፣ ትታጠባለች። ብይ፣ ትበላለች። ድምፄን ለስላሳ ለማድረግ እሞክራለሁ፤ ለእሷ ለውጥ የለውም። ትናንት ግን ይብቃኝ አልኩ። ቁርሷን ከበላች በኋላ ግቢ አወጣኋትና «ዛሬ ምንም አላዝሽም። የፈለግሽውን አድርጊ» ብያት ገባሁ። በመስኮት አያታለሁ። ያቆምኳት ቦታ ላይ ቆመች። ፀሐዩ በረታ፤ አልተጠለለችም። ምሳ አለፈ፤ አልገባችም። ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ፤ አንድ እርምጃ፣ አንዲት እርምጃ ብቻ በራሷ ትራመድ ብዬ አላህን ለመንኩ። ከሰዓት በኋላ ከአባይ በኩል ደመና መጣና ዝናቡን ለቀቀው። ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ ገባ። እሷ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ውሃው በአገጯ እየወረደ ቆማ ታየኛለች። የቻልኩትን ያህል ቻልኩ።

«ግቢ!» አልኳት።

ገባች።